ሆዱን ያመመው ሁሉ አሜባ ነው እንዴ? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ግቡ)

ኡሙ ሐያት (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጉዳዩ የሰገራ ጉዳይ ነው። ቡና እየጠጣ የሚያነብ ካለ ስኒውን ያስቀምጥ።

የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ከክረምቱ ወዲህ ሆዷ አልተመለሰም። ይነፋታል፣ ያገሳታል፣ ግሳቷ ደግሞ ይከረፋል። ትበላለች ግን ሥጋ አትይዝም። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሰገራዋን እንኳ ሳያዩ «አሜባ ነው» ብለው ሽሮፕ ጻፉላት። ተሻላት። ብዙም ሳይቆይ ያው ተመለሰባት። ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ያንኑ ሽሮፕ ስጡኝ ስል ማንም ምንም አልጠየቀኝም። አሁን እንደገና ጀምሯታል።

ባለቤቴንም አሜባ ነው ብለውታል። እህቴንም። አማቴንም። ሰፈሩ በሙሉ አሜባ ነው። እውነት ሁላችንም አሜባ ነው ያለብን? ከሆነስ ለምን አይለቅም?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አብሽሪ እታለም። ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠሽ በማር ስጫት። እኛ በዚያ ነው ያደግነው።

ማይክሮስኮፕ (ደሴ)

ኡሙ ሐያት፣ እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ቀኔ የሚያልፈው የሰው ሰገራ ሳይ ስለሆነ አትሳቀቂ። ወንድሜ የጦሳ ልጅ፣ ፌጦውን ለአንተ ተወው፤ የስድስት ዓመት ልጅ አንጀት ይልጣል።

መጀመሪያ ነገሩን እንለያይ። ወስፋትና ኮሶ ትሎች ናቸው። ኮሶ ሲወጣ በዓይንሽ ታይዋለሽ። አሜባና ጃርዲያ ግን ትል አይደሉም። ባለ አንድ ሕዋስ ናቸው፤ ፕሮቶዞዋ የሚባሉት። ወባም፣ ቁንጭርም፣ ካላዛርም፣ የከብቱ ገንዲም የሚመጡት ከዚሁ ወገን ነው።

አሜባም ጃርዲያም ሁለት መልክ አላቸው። አንጀት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው፣ የሚበላውና የሚባዛው ትሮፎዞይት ይባላል። ይሄ ውጭ ከወጣ ብዙም አይቆይም። ሁለተኛው ሲስት ነው። ዙሪያውን ጠንካራ ሽፋን ሠርቶ ይተኛል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሄደው እሱ ነው። የጃርዲያ ሲስት ርዝመቱ ከ8 እስከ 12 ማይክሮሜትር ነው። በአንድ ሚሊሜትር ላይ ወደ መቶ ይደረደራል። ሰው ለማሳመም አሥር ያህሉ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ «እጄ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይታይም» የሚለውን ተዉት።

እኔ ጋ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ ከጎኑ አንድ ጠብታ አዮዲን አደርጋለሁ። ከሰገራው በእንጨት ጫፍ ነካ አድርጌ በሁለቱም አሟሟዋለሁ። በስስ መስታወት ከድኜ መጀመሪያ በ10፣ ቀጥሎ በ40 ሌንስ አያለሁ። ሳላይኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር እፈልጋለሁ። ጃርዲያ ሲገኝ (ይቅርታ አድርጉልኝና) ደስ ይላል። ፊት ነው የሚመስለው፤ ሁለቱ ኒውክለሶች (የሕዋሱ እምብርቶች) ሁለት ዓይን ሆነው ያፈጡብሃል። አሜባው እንዲህ አይደለም። ሰውነቱን በአንድ በኩል አፍስሶ ወደዚያው ይጎተታል። አዮዲኑ ላይ ደግሞ ሲስቱ ቢጫ ቡናማ ይሆንና ኒውክለሱን እቆጥራለሁ። የበሰለ የአሜባ ሲስት አራት አለው። ስምንት ከቆጠርኩ ጉዳት የሌለው ዘመዱ ነው፤ እሱን ይዘው ለዓመታት የሚኖሩ አሉ።

አሁን ችግሩ። እኔ «የአሜባ ሲስት» ብዬ የምጽፈው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ ነው። የአንጀትን ግድግዳ ይበላል፣ አንዳንዴም ጉበት ድረስ ይዘልቃል። ሌላው ኢንታሜባ ዲስፓር ነው። ምንም አያደርግም፤ እንግዳ ነው፣ በልቶ ይሄዳል። ሲስታቸው በማይክሮስኮፕ አይለይም። ኤሚል ብሩምፕት የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1925 «እነዚህ ሁለት ናቸው» ብሎ ነበር። ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። በይፋ የተለያዩት በ1993 ነው። በሌንስ ብቻ አይቼ በልበ ሙሉነት «ይሄ ክፉው ነው» የምለው ትሮፎዞይቱ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ሳገኘው ነው። እሱን ሁልጊዜ አላገኘውም።

ስለዚህ በከተማችን አሜባ ከተባለው ሰው ከፊሉ ዲስፓር ነው፣ ከፊሉ ጃርዲያ ነው፣ ከፊሉ ጨጓራ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ትላንት ማታ የበላው ነው።

ልጅሽ ደም የቀላቀለ ከሌላት፣ የሚከረፋ ግሳትና መነፋት ካለባት፣ ክብደትም ካልጨመረች፣ ከአሜባ ይልቅ ጃርዲያ ጃርዲያ ይሸተኛል። ግን ሽታ ማስረጃ አይደለም። አስመርምሪያት።

ኡሙ ሐያት

አላህ ይስጥህ ወንድሜ። እንዲህ አድርጎ የነገረኝ የለም። ሰገራውን ከኮምቦልቻ ደሴ ይዤ ልምጣ?

ማይክሮስኮፕ

ኧረ በፍጹም! እዚያው ኮምቦልቻ አስመርምሪ። ሰው ጠዋት ቤቱ ተጸዳድቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ባጃጅ ጠብቆ ያመጣልኛል። ቀጭን ተቅማጥ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ከዚያ ካለፈ ትሮፎዞይቱ ይሞታል፣ ይበታተናል፤ እኔም «ምንም አልታየም» ብዬ ጽፌ እሰጠዋለሁ። ሰውየው ነጻ ነኝ ብሎ ይሄዳል። ጠንከር ያለ ከሆነ ግን ሲስት ስለሚታገስ ትንሽ ፋታ አለ።

ዕቃው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ሽንት አይቀላቀልበት፣ አሜባውን ይገድለዋል። ክብሪት ቀፎ አታምጡ። በዚህ ዘመንም የሚያመጣ አለ።

ሌላ ደግሞ፣ ጃርዲያ ሲስቱን በየቀኑ አይጥልም። ዛሬ ካልታየ በሌላ ቀን ድገሚ። ሐኪም «ሦስት ናሙና አምጪ» ሲል ገንዘብሽን ሊበላ አይደለም።

ባለ ነጭ ጋዋን (ደሴ)

የመድኃኒት ቤት ሰው ነኝ። ሁልጊዜ ጥፋቱ እኛ ላይ ይመጣልና ትንሽ ልናገር።

ሰው ገብቶ «ያቺን የአሜባ ክኒን» ይላል። ማዘዣ አለህ ስትለው ይቆጣና ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። እዚያ ይሰጡታል። መስጠታቸው ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ግን የሚፈልገው ሰውም አለ።

ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቲኒዳዞል ለጃርዲያ ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር ስለሚያልቅ ሰው ይወደዋል። ሜትሮኒዳዞል ለቀናት ይወሰዳል። አፍ ላይ ብረት ብረት ይላል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ሽንት ያጠቁራል። በሁለተኛው ቀን ሆዱ ሲረጋ ሰውየው የቀረውን ኮመዲኖ ውስጥ ይከተዋል። ለሚቀጥለው አሜባ! እንዲህ ተደርጎ ምን ይለቃል?

ሌላም አለ። እነዚህ ሁለቱ ወደ ሥጋ የገባውን አሜባ በደንብ ይመታሉ። አንጀት ውስጥ ተሸፍኖ የተኛውን ሲስት ግን ሁሉንም አይጨርሱም። እውነተኛው ሂስቶሊቲካ ከሆነ ቀጥሎ አንጀቱን የሚያጸዳ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ፓሮሞማይሲን ወይም ዲሎክሳናይድ። ይሄን ሐኪም ካላዘዘው ማንም አይጠይቅም፣ ሁልጊዜም አይገኝም። «ታክሜ ተመለሰብኝ» የሚለው አንዱ ምንጩ ይሄ ነው።

እና አንድ ነገር በጥብቅ። ከቀኝ ጎድን ሥር የሚወጋ ሕመም፣ ትኩሳትና ላብ ያለበት ሰው፣ በተለይ ጎልማሳ ወንድ፣ ክኒን ገዝቶ ቤቱ አይተኛ። አሜባ ጉበት ውስጥ መግል ሲቋጥር እንዲህ ነው የሚያደርገው። ተቅማጥ ላይኖረው ይችላል። በአልትራሳውንድ ይታያል። ሆስፒታል ነው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላጣውን ማንም አላነሳም። የደሴ ፍሳሽ ወዴት ነው የሚወርደው? ወደ ቦርከና። ቦርከና ወዴት ይመጣል? ወደ እኛ። ወንዝ ዳር የሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ የምን ውሃ ይጠጣል? ከዚያ ገበያ ላይ በዚያው ውሃ ረጨት ረጨት ተደርጎ «ትኩስ ነው!» ይባላል።

ጎመኑ ይቀቀላል፣ ችግር የለም። ሰላጣው ነው። ቲማቲምና ቃሪያውም።

ደግሞ እንዳትቀየሙኝ፣ ጫቱስ? በኮባ ተጠቅልሎ እንዳይጠወልግ ውሃ ይረጭበታል። የምን ውሃ እንደሆነ ማን ያውቃል። ከዚያ ቀንበጡ እንዳለ ወደ አፍ ነው። ታጥቦ ሲቃም አይቼ አላውቅም።

የጦሳ ልጅ

አሁን ጫቱን ምን አመጣው 😂 ጫት መራራ ነው፣ ተባዩን ራሱ ይገድለዋል።

ማይክሮስኮፕ

ጫት የሚገድለው እንቅልፍህን ነው። ሲስቱ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ጠብታው ውስጥ ነው ያለው፤ ምራቅህ ያወርድለታል። የጨጓራ አሲድ ይገድለዋል እንዳትለኝ። ጭራሽ አሲዱ ነው ሽፋኑን እንዲከፍት የሚቀሰቅሰው፤ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ይፈለፈላል።

ቦርከና ማዶ ልክ ነው። ጥሬ የሚበላውን ቅጠል በቅጠሉ ለያይቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ኮምጣጤና ሎሚ ሰላጣውን ያጣፍጡታል እንጂ አያጸዱትም።

ላኮመልዛ (ደሴ)

እኛ ቤት ውሃ ውስጥ ውሃ አጋር (ክሎሪኑን) እናደርጋለን። ይበቃል አይደል?

ማይክሮስኮፕ

ክሎሪን ጥሩ ነው። የተቅማጥ ባክቴሪያዎችን ይጨርሳል፣ ኮሌራንም ጭምር። እሱን አታቋርጡ። ሲስት ግን እልኸኛ ነው። ጃርዲያ ክሎሪኑ በቂ ከሆነና ረዘም ያለ ጊዜ ካገኘ ይሸነፋል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ሌላ ፕሮቶዞዋ አለ፤ እሱ የቤት ክሎሪንን ከቁብ አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ 400 ሺህ ሰው አሳመመ። የታከመ ውሃ ነበረ፣ ክሎሪን ነበረው፤ ማጣሪያው ግን ሲስቱን አሳለፈው።

ማፍላት ሁሉንም ይገድላል። እዚህ ላይ ግን ከፍታ አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ውሃችን መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ያም ቢሆን በቂ ነው፣ ጊዜ ስጡት ብቻ። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ መመሪያው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ስለሆነች 1 ደቂቃ ይበቃታል። ከዚያ ማቀዝቀዝና ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ። አፍልቶ ሲያበቃ እጁን ከነኩባያው ጀሪካን ውስጥ የሚከት ሰው ግን ማገዶውን ነው ያቃጠለው።

ኡሙ ሐያት

ምርመራው ወጣ። ወረቀቱ ላይ ጃርዲያ ነው የተጻፈው። አሜባ የሚል የለም። ሐኪሙ መድኃኒት አዞላት ጨርሳለች። ግሳቱ ቆሟል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ወተት ስትጠጣ ሆዷ ይጮኻል፣ ይነፋታል። አልለቀቃትም ማለት ነው? እንደገና ላሳክማት?

ማይክሮስኮፕ

መድኃኒት አትድገሚ፣ መጀመሪያ ወተቱን ተይላት። ጃርዲያ የትንሹን አንጀት ሽፋን ይዞ ይጣበቃል። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ነገር እዚያው ሽፋን ላይ ነው ያለው። ጃርዲያው ከሞተ በኋላም ሽፋኑ እስኪያገግም ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። እስከዚያ ወተት አይስማማትም። እርጎ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ካልተሻላት ሰገራዋ ደግሞ ይታይ። ይሄን ባለማወቅ ሁለት ሦስት ዙር መድኃኒት የሚሰጣቸው ልጆች አሉ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ማን ነው ምግብ የሚያቀርበው? ታናናሾች አሏት? ዳይፐር የሚቀይር ሰው እጁን በሳሙና ካልታጠበ ቤተሰቡ ይቀባበለዋል።

ኡሙ ሐያት

ታናሽ ወንድም አላት፣ ዳይፐር ላይ ነው። ገባኝ።

ልጅ ጠባቂ (ደሴ)

ስለ ፕሮቶዞዋ ካነሳችሁ እኔም ልጠይቅ። ነፍሰ ጡር ነኝ። ቤት ድመት አለችን። አማቴ «ድመት ፅንስ ታስወርዳለች፣ አውጫት» ብለው ይዘውኛል። እኔ ደግሞ እወዳታለሁ። ማን ነው ልክ?

ባለ ነጭ ጋዋን

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እማማ ከየትም አላመጡትም፣ ግን ድመቷን ማስወጣት አያስፈልግም።

ነገሩ ቶክሶፕላዝማ ይባላል። በሙሉ ዑደቱ የሚራባው ድመት አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ድመቷ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ስትያዝ ለጥቂት ሳምንታት በዓይነ ምድሯ ታወጣዋለች፣ ከዚያ ታቆማለች። የወጣውም ወዲያው አይዝም። ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። የምትጸዳዳበት ዕቃ በየቀኑ ከተጣለ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ያንን ሥራ ደግሞ ባልሽ ይሥራው። አፈር ስትነኪ ጓንት አድርጊ።

እኔ የምፈራልሽ ከድመቷ በላይ ጥሬ ሥጋውን ነው። ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎ፣ ለብለብ፣ እነዚህን እስክትወልጂ ተያቸው። ቶክሶ በበግ፣ በፍየልና በከብት ጡንቻ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። በደንብ ሲበስል ይሞታል።

ከባዱ በእርግዝናው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝ ነው። ከዚያ በፊት ይዞሽ ያለፈ ከሆነ ሰውነትሽ ያውቀዋል፣ ለፅንሱ የሚያሰጋው በጣም ትንሽ ነው። የደም ምርመራ አለው። ክትትል ላይ ጠይቂያቸው።

ልጅ ጠባቂ

እማማን አነበብኩላቸው። «ቁርጡንም ተከለከልሽ? ጉድ ፈላ» አሉ 😄 ድመቷ ግን ቀረች።

ከደላንታ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የወንድሜ ልጅ ፊቱ ላይ፣ አፍንጫው አጠገብ እባጭ ወጥቶበት ዓመት ሊሞላው ነው። አያመውም፣ አያሳክከውም። መሐሉ ቅርፊት ይዟል፣ እየሰፋ ነው። ጸበል ተጠመቀ፣ ቅጠልም ተደረገለት። አገር ቤት ቁንጭር ነው ይላሉ። ላብራቶሪው ሰው ቅድም ቁንጭርን ስትጠራ አየሁና ነው።

ማይክሮስኮፕ

አሁኑኑ ይታይ። የፊት ስለሆነ ጠባሳው አብሮት ያድጋል። የደሴና የአካባቢው ሰው ለቁንጭር ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው የሚሄደው። የቆዳ ክፍል አላቸው፣ በዚህ የለመዱ ናቸው።

ቁንጭርን የሚያመጣው ሌሽማንያ ነው። እኛ አገር ደጋው ላይ ያለው ዝርያ ስሙም ሌሽማንያ ኢትዮፒካ ነው፤ በዚህ ስም የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከሰው በፊት ቤቱ ሽኮኮ ነው። ገደል ላይ፣ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሮጠው ሽኮኮ ቆዳው ላይ ይዞት ይኖራል። የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ ያነሰች፣ ድምፅ የሌላት ነፍሳት ማታ ማታ ከሽኮኮው ወስዳ ለሰው ትሰጣለች። ለዚህ ነው ገደል አጠገብ ያሉ መንደሮች ላይ የሚበዛው። ከመነካካትና አብሮ ከመብላት አይመጣም፤ ልጁን ከጓደኞቹ አታርቁት።

ምርመራው ከቁስሉ ዳር ጫር አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሕክምናው በማቀዝቀዝም በመርፌም አለ። በራሱ ጊዜ የሚድንም አለ፣ ግን ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይስፋፋል። በእሳት መተኮስና አሲድ ነገር ማድረግ ጠባሳውን ያባብሰዋል። ጸበሉን ከሕክምናው ጋር ያስኬዱ፣ ማንም አይቃወምም።

ካላዛር የዘመዱ ሥራ ነው፤ እሱ ግን ጣፊያና ጉበት ውስጥ የሚገባ፣ ካልታከመ የሚገድል ነው። መተማና ሁመራ አካባቢ ለሥራ ሄዶ የተመለሰ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ያለው፣ ሆዱ ያበጠ ሰው ካለ ያንን ለሐኪሙ ይንገር።

ሸዋ በር (ደሴ)

እኔ ደግሞ የገረመኝ አለ። ሠመራ ሥራ ላይ ነበርኩ። እዚያ ወባ ይዞኝ ታክሜ ድኜ ደሴ ገባሁ። ወራት ቆይቶ ብርድ ብርድ ብሎኝ፣ ተንቀጥቅጬ፣ አልቦኝ ስመረመር ወባ ነው አሉኝ። ደሴ ላይ ወባ አለ እንዴ? ብርዱ ትንኙን ራሱ ያንቀጠቅጠዋል እኮ።

ማይክሮስኮፕ

የያዘህ ደሴ ላይ አይደለም። ይዘኸው ነው የመጣኸው። ዓይነቱ ቫይቫክስ ነበር? ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ገብቶ የሚተኛ መልክ አለው። የደሙ መድኃኒት ደሙን ያጸዳል፣ ጉበት ያለውን አይነካም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። እሱን የሚያጠፋው ፕሪማኩን ነው፤ ለቀናት በተከታታይ የሚወሰድ። ከመውሰድህ በፊት ግን ሐኪሙን አማክር። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ኢንዛይም የጎደለው ሰው ላይ ደም ያፈርሳል። ነፍሰ ጡርም አትወስደውም።

ፋልሲፓረም ይሄ የመተኛት ጠባይ የለውም፤ እሱ የሚያሰጋው በቶሎ ወደ አንጎል ስለሚሄድ ነው።

አባ ጭቆ (ኮምቦልቻ)

ልጆቼ፣ ደጋ ስለሆነ አይነካንም አትበሉ። በ1950 ክረምትና በ1951 መባቻ የወረደውን ወባ አባቴ ሲያወራው ነው ያደግኩት። ቆላ ብቻ አልነበረም። ሰብል የሚያጭድ እስኪጠፋ ድረስ ነበር ይለን ነበር።

ማይክሮስኮፕ

አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ የተጻፈም ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታምሞ ወደ 150 ሺህ ሞቷል ተብሎ ይገመታል። የመታውም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን አገር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ላይ ስላለች መሐሉ ላይ ነች። ቆላ ያለ ሰው እየተነከሰ ስለሚያድግ ሰውነቱ ትንሽ ይላመደዋል። ወይናደጋው አይላመድም። ዝናቡና ሙቀቱ የተመቹ ዓመት ሲመጣ ሁሉንም እኩል ነው የሚጥለው።

አሁን ደግሞ አዲስ እንግዳ አለ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ተገኘች። ኋላ ባቲም ተገኝታለች። የድሮዋ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች። ይቺኛዋ ግን ከተማ ትወዳለች። ሮቶ ውስጥ፣ በርሜል ውስጥ፣ የግንባታ ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች፣ በበጋም ጭምር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ሮቶና በርሜል ሞልተን ነው የምንኖረው። ኮምቦልቻዎች፣ ክዳኑን ግጠሙት።

አባ ጭቆ

ተባረክ። ዛሬውኑ ሮቶውን አስከድናለሁ።

የባቲ ግመል

ባቲ አካባቢ ነኝ፣ ግመል አረባለሁ። አንዷ ከስታብኛለች። ትኩሳቱ መጣ ሄደ ይላል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ልትወልድ የነበረውን አስወረደች። ወባ ለግመልም አለው? ወደ እኛስ ይተላለፋል? ወተቷን ልጆች ይጠጣሉ።

ሐኪመ ከብት (ኮምቦልቻ)

ቆይቼ ሳነብ ነበር፣ አሁን ተራዬ ደረሰ።

ወንድሜ፣ ወባ አይደለም። የግመል ገንዲ ነው የምጠረጥረው፤ ትራይፓኖሶማ ኢቫንሲ። ደም ውስጥ የሚዋኝ ነው። ትኩሳቱ የሚመላለሰው ተሕዋሱ የላይ ሽፋኑን እንደ ልብስ ስለሚቀያይር ነው። የግመሏ ሰውነት አንዱን ልብስ ለይቶ መግደል ሲጀምር የተረፉት ሌላ ለብሰው ይወጣሉ። እንዲህ እያለ ወራት ያስቆጥራል፣ ግመሏ ታልቃለች።

ገንዲ ሲባል ሰው ሁሉ ቆላ ዝንብ (ፄፄ) ይላል። እኛ አካባቢ ቆላ ዝንብ የለችም። ኢቫንሲ እሷን አይፈልግም። ማንኛዋም ነካሽ ዝንብ ከአንዷ ግመል ደም በአፏ ይዛ ሌላዋ ላይ ታራግፈዋለች። የከብቱን ገንዲ የሚያመጣው ትራይፓኖሶማ ቪቫክስም (የወባው ቫይቫክስ አይደለም) እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የታመመችውን ከመንጋው ለያት።

ወደ ሰው የሚለውን አትፍራ። የሰው ደም ውስጥ ኤፒኦኤል1 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ይሄን ተሕዋስ ይገድለዋል። ኢቫንሲ ሰው ላይ የተረጋገጠው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። የታወቀው የህንድ ገበሬ ነበር፤ ደሙ ሲመረመር የሚሠራ ኤፒኦኤል1 እንደሌለው ታየ። የሰው የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጡት ሌሎች ዝርያዎች ናቸው፤ እነሱ ፕሮቲኑን የሚያመልጡበት ዘዴ አላቸው።

ወተቱን ግን አፍልታችሁ ጠጡ። በገንዲው አይደለም፤ ግመሏ ስላስወረደች ነው። ማስወረድ ብሩሴላንም ያስጠረጥራል። እሱ ባክቴሪያ ነው፣ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይገባል። የወረደውንም በባዶ እጅ አትንካ፣ ቅበረው።

የባቲ ግመል

መርፌውን ገበያ ላይ ይሸጡታል። ገዝቼ ልውጋት?

ሐኪመ ከብት

አትውጋ። ለከብት ገንዲ የሚሸጠው ዲሚናዚን ግመል ላይ መርዛማ ነው፣ በተለመደው መጠን እንኳ ሊጥላት ይችላል። የግመሉ መድኃኒት ሌላ ነው።

መጀመሪያ ደሟ ይታይ። በቀጭን ቱቦ ወስደን በማሽን እናሽከረክረዋለን፤ ተሕዋሱ ከነጩ የደም ሕዋስ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሰበሰባል፣ እዚያ ሲወራጭ ታየዋለህ። ትኩሳቷ ባለበት ቀን ቢወሰድ ይሻላል፣ ያኔ ነው ደም ውስጥ የሚበዛው። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ያዝና ናሙናውን እሱ ይላከው።

ሰኞ ገበያ ልታወጣት አስበህ ከሆነ ተው። ገዢውም መንጋ አለው።

የባቲ ግመል

እሺ ዶክተር። ለሐኪሙ ደውያለሁ፣ ነገ እመጣለሁ ብሏል። የሌሎቹንም ደም ይወስድልኝ?

ሐኪመ ከብት

አብረዋት የዋሉትን ሁሉ ይውሰድ። የወፈሩትንም ጭምር፤ ምልክት ሳያሳዩ የሚይዙ አሉ።